ከመደወል በፊት መስማማት፦ የአይኤስዲኤን ተርሚናል አዳፕተርን ለጥሪና ለዳታ ማዘጋጀት

የድሮ ሞደም ሲደውል የሚያሰማው ፉጨትና ጩኸት ድርድር ነበር። ሁለቱ ሞደሞች ስለ ፍጥነታቸውና ስለ ስህተት ማረሚያቸው እየተጠያየቁ፣ ሁለቱም የሚችሉት ላይ እስኪደርሱ ይጮኻሉ። ኮምፒውተርን ከዲጂታሉ የስልክ መስመር ከአይኤስዲኤን ጋር የሚያገናኘው ተርሚናል አዳፕተር ግን እንዲህ አያደርግም። ቁጥሩን ይደውላል፤ በአንድ ሁለት ሰከንድ መስመሩ ይከፈታል፤ ወዲያው ቢት መላክ ይጀምራል። ወዲያኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ ያንን ቢት በምን መልክ እንደሚያነበው የሚጠይቅለት የለም። ድርድሩን የሚጨርሰው መሣሪያውን የሚያስተካክለው ሰው ነው፤ ያውም ከመደወሉ በፊት።

ይህን የተማርኩት ጀርመን አገር፣ የገጽ ፋይሎችን በአይኤስዲኤን ከምትቀበል አንዲት አነስተኛ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ጥሪው ይገባል፣ የሁለቱም መሣሪያዎች መብራት አረንጓዴ ይሆናል፣ ግን አንድ ባይት አያልፍም። ገመድ ቀየርን፣ ሶኬት ፈታን፣ ኮምፒውተሩን ደጋግመን አጥፍተን አበራን። ግማሽ ቀን ካለፈ በኋላ ላኪውን በስልክ ስንጠይቀው መሣሪያው ቪ.120 በሚባለው የዳታ ፕሮቶኮል ላይ እንደነበር ነገረን፤ የእኛው ኤክስ.75 በሚባለው ላይ ነበር። የተከፈተው ጥሪ ሁሉ ደግሞ ሂሳብ ቆጥሯል። ከዚያ ቀን ወዲህ ወዲያኛውን ወገን ሳልጠይቅ መሣሪያ አልነካም። እርስዎም መጀመሪያ ወረቀት ይያዙና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሚደወልበት ቁጥር የትኛው ነው? ዳታው በሚሄድበት ቢ ቻናል ላይ የሚጠቀሙት ፕሮቶኮል ምንድን ነው? በአንድ ቻናል ነው ወይስ በሁለት?

መስመሩን ማወቅ

መሠረታዊ የአይኤስዲኤን መስመር ሦስት ቻናል አለው። ሁለቱ ቢ ቻናሎች እያንዳንዳቸው 64 ኪሎቢት በሰከንድ ይሸከማሉ፤ ድምፅም ሆነ ዳታ የሚሄደው በእነሱ ነው። ሦስተኛው፣ ዲ ቻናል የሚባለው፣ 16 ኪሎቢት ነው፤ ጥሪ የሚጠየቀውም፣ የሚነሳውም፣ የሚዘጋውም በዚህ ቻናል በሚተላለፉ መልእክቶች ነው። ይህን ክፍፍል ልብ ይበሉ፤ ማስተካከያውም ልክ እንደዚሁ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ክፍል በዲ ቻናል ለስልክ ማዕከሉ የምንነግረው የጥሪ ማስተካከያ ነው። ሌላው በቢ ቻናል ከወዲያኛው መሣሪያ ጋር የምንነጋገርበት የዳታ ፕሮቶኮል ነው። የመጀመሪያው ከተሳሳተ ብዙውን ጊዜ ጥሪው አይገናኝም። ሁለተኛው ከተሳሳተ ጥሪው ይገናኛል፣ ዳታው ግን አያልፍም። ችግር ሲገጥምዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚለዩት በዚህ ነው።

ዛሬ ከዚህም የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ መስመሩ እውነተኛ አይኤስዲኤን ነው ወይ? በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻ አብዛኛው መስመር ወደ ኢንተርኔት ስልክ ተዛውሯል። የጃፓኑ ኤንቲቲ የአይኤስዲኤኑን የዲጂታል ዳታ አገልግሎት ከእ.ኤ.አ. ጥር 2024 ጀምሮ መዝጋት ጀምሯል። በብሪታንያ የመዝጊያው ቀን ወደ እ.ኤ.አ. ጥር 2027 ተገፍቷል። በብዙ ቢሮዎች ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት የአይኤስዲኤን ቢመስልም ከበስተኋላው ድምፁን በኢንተርኔት የሚልክ ሣጥን አለ። በእንዲህ ያለ መስመር ስልኩ በደንብ ይሠራል፤ የዳታ ጥሪ ግን የሚያልፈው አቅራቢው 64 ኪሎቢቱን ሳይነካ፣ ሳይጨምቅ የሚያስተላልፍ ከሆነ ብቻ ነው። አቅራቢዎን «ያልተገደበ ዲጂታል 64 ኪሎቢት ጥሪ ያልፋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አያልፍም» ከሆነ በማስተካከያው ላይ ጊዜ አይጨርሱ። አሮጌ መሣሪያ ለመፈተሽ ወይም የቆየ ዳታ ለማውጣት ከፈለጉ፣ ሁለት የውስጥ የአይኤስዲኤን (ኤስ0) ወደብ ያላት አነስተኛ የቢሮ የስልክ ማዞሪያ ይፈልጉ፤ ሁለት አዳፕተሮችን በእሷ በኩል ማገናኘት ይቻላል።

ገመዱ

በአውሮፓ የስልክ ድርጅቱ መስመር የሚያበቃበትን ሣጥን የሚሰጠው ራሱ ድርጅቱ ነው፤ ጀርመኖች ኤንቲቢኤ ይሉታል። ከዚያ የሚወጣው ባለ አራት ሽቦ ኤስ0 መስመር እስከ ስምንት መሣሪያ ይሸከማል። አራቱ ሽቦዎች የሶኬቱ መካከለኛ እግሮች ናቸው፤ 3፣ 4፣ 5 እና 6። መስመሩ የሚያበቃበት ጫፍ ላይ በየጥንዱ የ100 ኦም ሬዚስተር መኖር አለበት። ይህ ሬዚስተር ሲጎድል መሣሪያው አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይበጠሳል፤ ሰውም ጥፋቱን ከፕሮቶኮሉ ላይ ሲፈልግ ይውላል። ሶኬቱ የኔትወርክ ገመድ ሶኬት ስለሚመስል ገመዱን ከመሰካትዎ በፊት ወዴት እንደሚሄድ በእጅዎ ተከትለው ያረጋግጡ።

በአሜሪካ ነገሩ ይለያል። የመጨረሻው ሣጥን የደንበኛው ንብረት ስለሆነ ብዙ አዳፕተሮች በውስጣቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ ገመዱም በቀጥታ ከግድግዳው ይገባል። ለአውሮፓ የተሠራ አዳፕተር ያለ መካከለኛ ሣጥን እዚያ አይሠራም፤ የአሜሪካውም እንደዚሁ ኤስ0 ላይ አይሰካም።

ከኮምፒውተሩ ጋር ያለው ወደብ

ብዙ ሰው ቸል የሚለው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን አብረን እናስላው። አንድ ቢ ቻናል በሰከንድ 64,000 ቢት ያደርሳል፤ በ8 ሲካፈል 8,000 ባይት ማለት ነው። የሲሪያል ወደብ ግን ለእያንዳንዱ ባይት አንድ መጀመሪያ ቢትና አንድ ማቆሚያ ቢት ስለሚጨምር አንድ ባይት 10 ቢት ይወስዳል። ስለዚህ አንዱን ቻናል ለመመገብ ብቻ ወደቡ ቢያንስ 80,000 ቢት በሰከንድ ያስፈልገዋል። 57,600 ላይ የተተወ ወደብ ቻናሉን ያስርበዋል፤ 115,200 ይበቃል። ሁለት ቻናል ሲጣመር ግን 160,000 ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ 115,200ም ያንሳል። ወደቡንም አዳፕተሩንም 230,400 ላይ ማድረግ ይኖርብዎታል። አሮጌ ኮምፒውተር ከሆነ የወደቡ ቺፕ 16 ባይት ማጠራቀሚያ ያለው 16550 መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ቺፖች በዚህ ፍጥነት ባይት ይጥላሉ።

የፍሰት ቁጥጥሩን በሁለቱም ወገን በሽቦ የሚሠራው፣ ማለትም አርቲኤስ/ሲቲኤስ የሚባለው ላይ ያድርጉት። በሶፍትዌር የሚሠራው ኤክስኦን/ኤክስኦፍ የሚባለው ዳታው ውስጥ ያሉ ሁለት ባይቶችን እንደ ትዕዛዝ ስለሚወስዳቸው የሚላከውን ፋይል ያበላሻል። የቀረው ቀላል ነው፦ 8 የዳታ ቢት፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ማቆሚያ ቢት።

አሁን እንደ ፑቲ ወይም ሚኒኮም ያለ የተርሚናል ፕሮግራም ይክፈቱ። ትዕዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን እንደሚነበቡ አስቀምጫቸዋለሁ። ኤቲ ብለው ጽፈው መግቢያውን ሲጫኑ «ኦኬ» ከመለሰልዎ ወደቡ ሠርቷል። ከዚያ ኤቲ&ኤፍ ይጻፉ፤ መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ማስተካከያው ይመልሰዋል። ከሌላ ሰው እጅ የመጣ አዳፕተር ውስጥ ምን ተጽፎ እንደቀረ ስለማይታወቅ ይህን አይዝለሉ። ኤቲ&ቪ በብዙ መሣሪያዎች ላይ አሁን ያለውን ማስተካከያ ዘርዝሮ ያሳያል። ቀጥሎ ስለማነሳቸው የአይኤስዲኤን ትዕዛዞች ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ፊደልና ቁጥር ነው የሰጠው። የአንዱን አዳፕተር ትዕዛዝ በሌላው ላይ መጻፍ ያልታሰበ ነገር ያበራል። የመሣሪያዎን መመሪያ መጽሐፍ ከጎንዎ ያስቀምጡ፤ እኔ የምነግርዎ ምን እንደሚፈልጉ ነው።

የጥሪ ማስተካከያ

መጀመሪያ የዲ ቻናሉን ፕሮቶኮል ይምረጡ። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1989 የአገሮቹ የስልክ ድርጅቶች በጋራ የተስማሙበት፣ ዩሮ-አይኤስዲኤን ወይም ዲኤስኤስ1 የሚባለው ነው። ጀርመን ከዚያ በፊት 1ቲአር6 የሚባል የራሷ ነበራት፤ የቆየ አዳፕተር አሁንም እሱ ላይ ተቀምጦ ሊያገኙት ይችላሉ። በአሜሪካ ደግሞ የስልክ ማዕከሉን ዓይነት መምረጥ ያስፈልጋል፤ 5ኢኤስኤስ፣ ዲኤምኤስ-100 ወይም ናሽናል አይኤስዲኤን። እዚያ ብዙውን ጊዜ ኤስፒአይዲ የሚባል መለያም ይጠየቃል። የተለመደው መልክ ባለ 10 አሃዙ ስልክ ቁጥር መጨረሻው ላይ 0101 ተጨምሮበት፣ በጠቅላላ 14 አሃዝ ነው። ለሁለት ቢ ቻናል ሁለት መለያ ከተሰጠዎ ሁለቱንም ያስገቡ፤ አንዱ ከተሳሳተ ሁለተኛው ቻናል ዝም ይላል።

ቀጥሎ ቁጥሩ ነው። በአውሮፓ መስመር ላይ ብዙ ቁጥር ይኖራል፤ ኤምኤስኤን ይባላሉ። አንዱን ለስልክ፣ ሌላውን ለፋክስ፣ ሦስተኛውን ለዳታ መመደብ ይቻላል። ለዳታው ወደብ የራሱን ኤምኤስኤን ይስጡት፤ በጀርመን ብዙ ጊዜ ያለ ከተማ ኮድ ነው የሚጻፈው። ኤምኤስኤን ያልተሰጠው አዳፕተር በአንዱ መስመር ላይ ለሚመጣው ጥሪ ሁሉ ራሱን እንደ ተጠሪ ይቆጥራል፤ የጎረቤቱን መሣሪያ ጥሪም ይነጥቃል። ሙከራዎን እስኪጨርሱ ድረስ ኤቲኤስ0=0 ብለው ራሱ እንዳያነሳ ያድርጉት። ጥሪ መቀበያ እንዲሆን ሲፈልጉ ኤቲኤስ0=1 ያደርጉታል።

የጥሪውን ዓይነት አይርሱ። አዳፕተሩ ለማዕከሉ በሚልከው የመጀመሪያ መልእክት ውስጥ «ይህ ንግግር ነው»፣ «ይህ 3.1 ኪሎኸርዝ ድምፅ ነው» ወይም «ይህ ያልተገደበ ዲጂታል ነው» የሚል መግለጫ አለ። ለዳታ የሚመረጠው የመጨረሻው ነው። «ንግግር» ተብሎ የተላከ ጥሪ መንገድ ላይ ድምፅ እንዲጨመቅ ወይም የማሚቶ ማጥፊያ እንዲያርፍበት ይፈቀዳል፤ ዳታው በዚያ ይጠፋል። ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሲደወል ሌላ ነገርም ይገጥማል፦ አንዳንዱ የአሜሪካ መስመር ከ64 ኪሎቢት ውስጥ 56 ብቻ በንጽህና ያሳልፋል፤ ከየስምንቱ ቢት አንዱን ለራሱ ምልክት ይወስዳል። በ64 የተገናኘ ጥሪ የተበላሸ ፊደል ካመጣ ወይም ከተመለሰ፣ የአዳፕተሩን የ56 ኪሎቢት ምርጫ አብርተው ይሞክሩ።

የደዋዩ ቁጥር በዲ ቻናል የሚመጣው ጥሪው ከመነሳቱ በፊት ነው። አዳፕተርዎ የሚፈቀድላቸው ቁጥሮች ዝርዝር ካለው ይጠቀሙበት፤ ያልታወቀ ጥሪ ሳይነሳ ይቀራል፣ ለደዋዩም ሂሳብ አይቆጥርም።

የዳታ ፕሮቶኮል

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ግማሽ ቀን ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ።

ቪ.110 ፍጥነት ማመጣጠኛ ነው። ቀርፋፋውን የሲሪያል ፍጥነት በ64 ኪሎቢቱ ውስጥ ባዶ ቢት እየሞላ ያስቀምጠዋል፤ 9,600 ወደ 16,000፣ 19,200 ወደ 32,000፣ 38,400 ወደ 64,000 ይነሳል። ስህተት አያርምም። ሁለቱም ጫፎች አንድ ዓይነት ፍጥነት መምረጥ አለባቸው፤ 19,200 እና 38,400 አይግባቡም። ከጂኤስኤም ሞባይል የሚመጣ በ9,600 የሚሄድ የዳታ ጥሪም ወደ አይኤስዲኤን የሚገባው በዚህ መልክ ነው።

ቪ.120 በሰሜን አሜሪካ የተለመደው ነው። ዳታውን በፍሬም ጠቅልሎ ይልካል፣ ስህተት ያርማል፣ የወደቡ ፍጥነት በሁለቱ ጫፎች ቢለያይም አይጨነቅም።

ኤክስ.75 የጀርመኖች ምርጫ ነበር፤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎችና በፋይል ልውውጥ ላይ የነገሠው እሱ ነው። የተበላሸውን ፍሬም ደግሞ ይልካል፤ ስለዚህ ለፋይል ይመቻል። የሚያስቸግረው የፍሬሙ መጠን ነው። ብዙ መሣሪያ 2048 ባይት ይጠቀማል፤ ወዲያኛው ከዚያ ያነሰ ብቻ የሚቀበል ከሆነ አጭር መልእክት ያልፋል፣ ትልቅ ፋይል ሲጀመር ግን ጥሪው ይቆማል። «ሰላም» ብለው ጽፈው ከተመለሰልዎ፣ ፋይል ሲልኩ ግን ከተበጠሰ፣ መጀመሪያ የሚመለከቱት ይህንን ነው።

ወደ ኢንተርኔት ወይም ወደ ቢሮ ኔትወርክ ሲደወል የሚፈለገው ደግሞ ፒፒፒ የሚባለው የኔትወርክ መደወያ ፕሮቶኮል መቀየሪያ ነው። ኮምፒውተሩ በሲሪያል ወደብ የሚልከው ፒፒፒ ባይት በባይት የሚሄድ ነው፤ ወዲያኛው ሩተር የሚጠብቀው ግን ያለ መጀመሪያና ማቆሚያ ቢት፣ በኤችዲኤልሲ ፍሬም የታሸገውን ነው። አዳፕተሩ መሀል ቆሞ አንዱን ወደ ሌላው ይቀይራል። ይህ ምርጫ ሳይበራ ኤክስ.75 ወይም ቪ.120 ላይ ሆነው ወደ ኢንተርኔት አቅራቢ ቢደውሉ መስመሩ ይከፈታል፣ የይለፍ ቃሉ ግን ሳይጠየቅ ጊዜው ያልፋል። በተርሚናል መስኮቱ ላይ «~» እና «}» ምልክቶች ከማይነበብ ፊደል ጋር እየተደጋገሙ ካዩ ደግሞ ደስ ይበልዎ፤ ወዲያኛው ፒፒፒ ጀምሮ እርስዎን እየጠበቀ ነው። ተርሚናሉን ዘግተው የመደወያ ፕሮግራሙን ይጠቀሙ።

አዳፕተሩ ሲጠራ ፕሮቶኮሉን ራሱ እንዲለይ የሚያደርግ ምርጫ በአንዳንዶቹ ላይ አለ። በከፊል ይሠራል። ቪ.110 እና ቪ.120 በጥሪው የመጀመሪያ መልእክት ውስጥ ሊገለጹ ይችላሉ፤ ኤክስ.75 እና ፒፒፒ ግን ሁለቱም «ያልተገደበ ዲጂታል» ብቻ ተብለው ይመጣሉ፤ አዳፕተሩ የመጀመሪያዎቹን ፍሬሞች አይቶ መገመት አለበት። እኔ በቋሚነት ለሚሠራ መስመር ግምቱን አጠፋለሁ፣ ፕሮቶኮሉን በእጄ አስቀምጣለሁ።

ሁለት ቻናል ማጣመር

ሁለቱን ቢ ቻናሎች አንድ አድርጎ 128 ኪሎቢት የሚያደርገው መልቲሊንክ ፒፒፒ ነው፤ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1996 አርኤፍሲ 1990 በተባለው ሰነድ ተጽፏል። ወዲያኛው ወገን ካልደገፈው ሁለተኛው ጥሪ ተከፍቶ ይዘጋል፣ ወይም ያለ ጥቅም ሂሳብ ይቆጥራል። ሁለት ቻናል ሁለት ጥሪ ነው፤ ሂሳቡም እጥፍ።

አንድ ስውር እክል ላሳይዎ። ሁለተኛውን ጥሪ የሚያደርገው አዳፕተሩ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ግን ኮምፒውተሩ ነው። ፓፕ በሚባለው አሠራር የይለፍ ቃሉ በግልጽ ስለሚያልፍ አዳፕተሩ በመጀመሪያው ጥሪ ላይ ሰምቶት ለሁለተኛው ይደግመዋል። ቻፕ በሚባለው ግን ቃሉ ራሱ በመስመሩ አያልፍም፤ ስለዚህ አንዳንድ አሮጌ አዳፕተሮች ሁለተኛውን ቻናል መክፈት ይሳናቸዋል። አንድ ቻናል ሠርቶ ሁለተኛው ሁልጊዜ በማረጋገጫ ላይ ከወደቀ ምክንያቱን እዚህ ይፈልጉ።

የዝምታ ጊዜ ገደቡንም ያስተካክሉ። ዳታ ሳይንቀሳቀስ ለምሳሌ 120 ሰከንድ ሲያልፍ ጥሪው ይዘጋ። ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ኔትወርክ እየጠየቀ ሌሊቱን ሙሉ መስመር ሲከፍት አድሮ፣ በወሩ መጨረሻ የመጣውን ሂሳብ ይዞ ግራ የተጋባ ባለሱቅ አጋጥሞኛል። ፕሮግራሙ ሳይጠየቅ እንዳይደውል ማድረግም ከዚሁ ጋር የሚሠራ ሥራ ነው።

መደወልና መልሱን ማንበብ

አሁን ኤቲዲ ብለው ቁጥሩን አስከትለው ይደውሉ። የዲ ቻናሉን፣ ቀጥሎም የአንዱን ቢ ቻናል መብራት ይመልከቱ። ጥሪው ካልተገናኘ ማዕከሉ የምክንያት ቁጥር ይመልሳል፤ አብዛኛው አዳፕተር ያሳየዋል። 1 ከሆነ ቁጥሩ ለማንም አልተሰጠም። 16 መደበኛ መዘጋት ነው፣ ስህተት አይደለም። 17 ተይዟል። 18 ከሆነ ወዲያኛው መሣሪያ ምንም አልመለሰም። 34 ነጻ ቻናል የለም ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ስልክ እያወራ እንደሆነ ያረጋግጡ። 88 «የማይጣጣም መድረሻ» ነው፤ የዳታ ጥሪ ስልክ ብቻ በሚቀበል ቁጥር ላይ ሲያርፍ ይመጣል። የጥሪውን ዓይነትና የወዲያኛውን ኤምኤስኤን እንደገና ይጠይቁ።

ከተገናኘ በኋላ መጀመሪያ አጭር መስመር ይጻፉ፣ ከዚያ 100,000 ባይት የሚሆን ፋይል ይላኩ፣ የወሰደውንም ጊዜ በሰዓት ይያዙ። በአንድ ቻናል፣ ሳይጨመቅ፣ ከ12 እስከ 15 ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። ከዚያ እጅግ ከዘገየ ወደ ሲሪያል ወደቡ ፍጥነትና ወደ ፍሰት ቁጥጥሩ ይመለሱ።

ሁሉም ከሠራ ኤቲ&ደብሊው ብለው ማስተካከያውን በመሣሪያው ውስጥ ያስቀምጡ። ከዚያ የኃይል ገመዱን ይንቀሉ፣ አሥር ሰከንድ ይጠብቁ፣ ይመልሱት፤ ኤቲ&ቪ ብለው የተጻፈው እንዳለ መኖሩን ይዩ። ዝርዝሩን በወረቀት ገልብጠው፣ የወዲያኛውን ወገን ፕሮቶኮልና ቁጥር ከሥሩ ጨምረው፣ በአዳፕተሩ ሆድ ላይ ይለጥፉት።